ቀድሞ የደረቀው ቢጫ ቀለም

ዓርብ፣ ኦገስት 8። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። በመገጣጠሚያችን ሥራ አስኪያጅ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ እሱ ራሱ፣ ብሎን አጥባቂው ኦቢዶዚና እኔ።

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ኦክዉዲሊ፣ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የምትኖርበት የሊብረቪል ከተማ ሙቀት ከእንቅልፍህ ያጣላህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

በሚኒባስ መገጣጠሚያው የምርት መሐንዲስ ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አንተ ከብረት ክምር መሃል እየለቀምክ ከላክህልኝ የተቀዳደዱ የመኪና መጻሕፍት በቀር ሌላ አስተማሪ እንዳልነበረኝ ታውቃለህ። ሥራዬ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም መወሰን ነው። እኛ ዘንድ የመሪ ብሎን ያጠበቀ ሰው የብሎኑን ራስ ቢጫ ይቀባል። ቢጫ ካለ ጠብቋል ማለት ነው፤ ቀጣዩ ሰው ዳግመኛ አይነካውም።

ክረምቱ ሲገባ ቀለሙ እርጥብ ብሎን ላይ አልይዝ አለ። እኔም ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ፣ ብሎኖቹ በዋዜማው ተቀብተው ይደሩና ደርቀው ይምጡ ብዬ አዘዝኩ። ምስክሩን ከነገሩ ያስቀደምኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ባለፈው ንክዎ በምንለው የገበያ ቀን ኦቢዶዚ እንደ ልማዱ ሚስቱን ሊያግዝ እኩለ ቀን ላይ ወጣ። በእጁ ብቻ አስገብቶ ገና ያላጠበቃቸውን ብሎኖች ተረካቢው ቢጫ ስላየባቸው አለፋቸው። የዚያን ቀን አምስት ሚኒባስ ወጣ።

ከትናንት በስቲያ አንዱ መሪው እየተንኳኳ ተመለሰ። ከሥሩ ገብቼ ብነካው ብሎኑ በጣቴ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ የቀሩትን «ዘይት በነፃ እንቀይርላችሁ» ብሎ አስጠራቸው፤ ሦስቱ መጡ። አምስተኛው የመንደራችን ሴቶች ማኅበር የገዛው ነው። እነሱ ዘይቱ ከዓመታዊው የኦገስት ስብሰባችን በኋላ ይደርሳል አሉ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሴቶቹን ይዞ ለስብሰባው አውካ ከተማ ይሄዳል፤ እህታችን እትዬ ኡካማካም አለችበት።

ዛሬ እውነቱን እንንገራቸው ብዬ ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት። ወሬው ከወጣ ማንም አይገዛንም፣ ለአንድ ቀን መንገድ ምንም አይሆንም አለኝ። ጥፋቱ የኦቢዶዚ ነው የሚል ወረቀትም እንድፈርም አቀረበልኝ። ኦቢዶዚ ቆቡን እያሻሸ፣ «ፈርሚ ኢንጂነር። እኔ ከሚስቴ ጋር ገበያ ላይ የያም ሥራሥር እሸጣለሁ። ያንቺ ዲፕሎማ ግን የተቀደደ መጽሐፍ ነው፣ ማን ይቀጥርሻል?» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። አልሳቅኩም፤ አልፈረምኩምም። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ። ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን እንዳለ ልጻፍልህ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቺያቬዬን ይዤ የማኅበሩ ሊቀመንበር እማማ ኡግቦዬ ግቢ ደረስኩ። ሴቶቹ አንድ ዓይነት ሽርጥ ለብሰው መሳፈር ጀምረዋል። ውረዱ አልኳቸው። ስለ ዘይት አላወራሁም፤ መሪው አልጠበቀም፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ አልኩ። እማማ ኡግቦዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ታዲያ ዘይቱን ልትቀይሪልን ያሰብሽው ገደል ከገባን በኋላ ነው?» አሉ። ከመኪናው ሥር ገብቼ ጭቃው ላይ ተኛሁ። ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱ በጣቴ ዞሩ። አራቱንም በቺያቬው አጠበቅኩ፤ አሮጌውን ቢጫ በቢላ ፍቄ አዲስ ቀባሁ። እትዬ ኡካማካ ከመኪናው ውጪ በቀረው እግሬ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ቆመች። ሴቶቹን ከሸኘሁ በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ መገጣጠሚያው ገባሁ። ወረቀቱ ላይ የኦቢዶዚን ስም ሰርዤ የራሴን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሥራ አስኪያጁ ገና አልመጣም ነበር። ከዚያ በዋዜማው የተቀቡትን ብሎኖች ሁሉ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ አንድ በአንድ አጸዳኋቸው።

ለባለቤትህ ለንጎዚካ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ትንሿን ኦጌቹን ጉንጯን ሳምልኝ። ታክሲ ነጂው ልጅህን ዙቤንም ሰላም በልልኝ፤ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ቀለም አይመን፣ ብሎኑን በእጁ ይንካ።

እህትህ ንዋካጎ
ኡሙዚሊ፣ አናምብራ
ኦገስት 9 ቀን 2025