ሻምበል የሚቧጥጠው ግድግዳ

ወንድም ጋሼ፣ አዎ፣ አንተን ነው! ቁጭ በልና አንብበኝ። ቆመህ፣ አንድ ዓይንህን ቴሌቪዥን ላይ ጥለህ፣ ግማሹን እየዘለልክ የምታነበው ወረቀት አይደለም። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጫማህን ስታስር ታቃስታለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ እማዬ ደህና ናት እንዳልልህ ግን እጄ እምቢ አለኝ። አንቱ ማለቱን ለዛሬ ትቼዋለሁ። ስቆጣ አንቱ አይወጣልኝም፤ ስበርድ እመልስልሃለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ ነገር ሲጠብቅብህ «አይሰማም፣ እየተቆራረጠ ነው» ብለህ ስለምትዘጋው ነው። ወረቀት አይቆራረጥም።

በዚህ ወር መጀመሪያ እሁድ የተናገርከውን ታስታውሳለህ? እንደ ወርሃዊ ልማዳችን ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጠን፣ አክስታችን፣ አጎታችን፣ እማዬና እኔ ዙሪያውን ተቀምጠን ነበር። አክስታችን «ይሄ ውሻ አላስቀምጥ አለን፣ ግድግዳ እየቧጠጠ የሞተ ሰው ይጠራል» ስትልህ፣ አንተ ሳቅክና «አርጅቶ አብዷል፣ አስወግዱታ! እሷም አብራው ሳታብድ» አልክ። እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ሳቀ። አጎታችን በሚቀጥለው ስትደውል፣ ሁላችን በምንሰበሰብበት እሁድ፣ ገመድ ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ወዴት እንደሚወስደው የጠየቀ የለም። እማዬ ብቻ አልሳቀችም፤ በጠረጴዛው ሥር እጇን ሰዳ ጆሮውን ስትዳስስ አየኋት።

ሻምበልን ቤታችን ማን አመጣው? አንተ! በጃኬትህ ኪስ ከተህ፣ አባዬ ሲጠይቅህ «ድመት ናት» ብለህ ዋሸህ። የመኮንን ግርማ አለው ብለህ ስም ያወጣህለትም አንተ ነህ። አሁን ሻምበል ጡረታ ወጥቷል ወንድሜ። ዓይኑ ደመና ለብሷል፣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ኮቴዬን ከሩቅ ለይቶ በር ላይ ይቀበለኝ የነበረው ውሻ፣ ዛሬ አንዳንዴ «ይህች ደግሞ የማን ናት?» በሚል ዓይን ያየኛል። ሳሎን መሀል ይሸናል፤ ከዚያ እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። አክስታችን ተኝቶ ሳለ በድንገት ብትረማመድበት ቀሚሷን ነከሰ። ቀሚሷን ነው! እሷ ግን እግሯ የተቆረጠ አስመስላ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ይብስበታል። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያለከልካል፣ ከዚያ ሄዶ የሳሎኑ ግድግዳ ፊት ይቆማል። ምንም የሌለበት ባዶ ግድግዳ ፊት! አፍንጫውን ያስጠጋል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ በቀስታ፣ ሰው እንደሚያባብል፣ መቧጠጥ ይጀምራል። ከግድግዳው ወዲያ የአባዬ ክፍል ነው፤ ከቀብሩ በኋላ «ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይከራይ» ብለህ ለፀጉር አስተካካዩ ያከራየነው። ሰውየው ትልቁን መስታወቱን የሰቀለው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ሳለ መስታወቱ ከጀርባው ሲቧጠጥና ሲንቀጠቀጥ ሰማ። ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ መንገዱን ይዞ እግሬ አውጪኝ አለ። መሳቅ ካማረህ ሳቅ፤ እኔም ስቄአለሁ። አክስታችን ግን «ወንድሜ ነው፣ አላረፈም፣ ውሻው ያየዋል» ብላ ስታለቅስ ሳቁ ቀረ። ጎረቤት ሲመሽ በደጃችን ማለፍ ተወ። እኔ ራሴ፣ ደፋሯ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለዚያ ግድግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ መስፋት አቃተኝ።

እንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት፤ ውሻ አልጭንም የማይል ታክሲ ባጣ፣ በዕቃ ጋሪ እየገፋሁ። ዓይኑን አየች፣ መገጣጠሚያውን ዳሰሰች፣ ደም ወሰደች። እብድ አይደለም አለችኝ። ውሻም እንደ ሰው ሲያረጅ አእምሮው ይደክማል፣ ቀንና ማታው ይዘባረቅበታል፤ ዓይንና ጆሮው ሲከዱት ይፈራል፣ ሕመም ሲጨመርበት ይቆጣል አለች። ለመገጣጠሚያው መድኃኒት ሰጠችኝ። አትቆጪው፤ ተኝቶ ሳለ ከሩቅ ድምፅሽን አሰሚው እንጂ ድንገት አትንኪው፤ ምግቡን ሰዓቱን ጠብቀሽ ስጪው፤ ሳይጨልም መብራት አብሪለት፤ ዕቃ ከቦታው አታንሺበት፣ ቤቱን አሁን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በልማዱ ነው አለችኝ። ቀጥላም ቤታችሁ ውስጥ በቅርቡ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ኮራ ብዬ ምንም የለም አልኳት። ምንም! አንተ አዘህ እኛ ያላፈረስነው ነገር ያለ ይመስል!

የገባኝ በማግስቱ ነው። ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ሻምበል ወደ ግድግዳው ሄደ። እማዬ ከሶፋው ተነሥታ ተከተለችው። አጠገቡ ቆመች። መዳፏን ልስኑ ላይ አድርጋ፣ በወገቧ ልክ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እጀታው የት ሄደ?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ በሩ እዚያ ነበር! የእማዬና የአባዬ መኝታ ቤት በር! «ተከራይ በሳሎን አያልፍም» ስላልክ ግንበኛው በብሎኬት ደፍኖ፣ ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በመንገድ በኩል ሌላ በር ከፈተ። ዓይን ያለን እኛ በቀለም ተሸውደን ረሳነው። ሻምበል አልረሳም። እሱ ሙት አላየም፤ በር ነው የሚፈልገው። አባዬ ከአናጢነቱ ሲመለስ ሰጋቱራውን እያራገፈ የሚገባበትን፣ እሱም በአፍንጫው ገፋ አድርጎ የሚከተልበትን በር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ብዬ ይዤዋለሁ። ያስነጠፍከው ሴራሚክ እያንሸራተተ ያስፈራው ነበርና የመጋረጃ ቁርጥራጭ ገጣጥሜ ሰፍቼ፣ ከመኝታው እስከ ውሃ ሳህኑ መንገድ አነጠፍኩለት። አክስታችን «ለውሻ ቀይ ምንጣፍ!» ብላ አሾፈች፤ ማዕረጉ ነው አልኳት። መብራት በጊዜ አበራለሁ። ያልታጠበውን የአባዬን የሥራ ቱታ ግድግዳው ሥር ዘረጋሁለት፤ አገጩን እሱ ላይ አሳርፎ ይተኛል። ይድናል አልልህም፤ ሐኪሟም አላለችኝም። ማስታመም ነው። ግን ቀለል ብሎታል፤ ጨርሶ የማይቧጥጥበት ቀን አለ።

እማዬ ግን አልተወችም። ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ሚስማር ሲመታ ይሁን ምን፣ ከወዲያ በኩል ግድግዳው ተንኳኳ። ሻምበል ጅራቱን ቆላ። እማዬ «አቤት!» አለች። ሻሿን አስተካከለች፣ ቀሚሷን ሳብ ሳብ አደረገች፣ ፊቷ እንደ ልጃገረድ በራ። «ክፈችለት እንጂ፣ ምን ትገትሪዋለሽ? አባትሽ ውጭ ቆሟል» አለችኝ። አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ? እኔ፣ ምላሴ የማይታጠፈው፣ ተነሥቼ አጠገቧ ቆምኩ። ከወዲያ እንደገና ተንኳኳ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአፍታ እኔም እጀታውን ፈለግኩት።

አክስታችን ይህን አይታ ኩሽና ውስጥ ጠርታኝ በሹክሹክታ «ውሻው ብቻ ይሂድ፤ ከዚያ ስለ እሷም እናስብበታለን» አለችኝ። ስለ እሷም! ገመዱ ማን ጋ እንደሚደርስ ገባህ? አስወግዱት ያልከው ቃል እኮ ሳሎናችን ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። እማዬ ሰምታዋለች። ከዚያ እሁድ ወዲህ ሰው በመጣ ቁጥር ማንም ሳይጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ምንም አልረሳሁም» ትላለች።

ግንበኛውን አነጋግሬዋለሁ፣ ብሎኬቱን ለማውጣት ግማሽ ቀን ይበቃኛል ብሏል። አባዬ በእጁ የሠራው አሮጌው በር ጓሮ ተደግፎ ቆሟል፤ ምስጥ አልነካውም። ፀጉር አስተካካዩም ደንበኛ ስለሸሸው ሌላ ቤት አግኝቶ ሊለቅ ነው። የቀረው ያንተ ቃል ነው። የእኔማ እዚህ ቤት ከሻምበል ጩኸት እኩል ነው የሚቆጠረው፤ ተናግሬ ሳልጨርስ «ታላቅሽ ምን አለ?» ይሉኛል።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ የላከችው ሻሽ ትናንት እማዬ ያስተካከለችው ነው፣ አምሮባታል በላት። ትልቋ ልጅህን አክስትሽ ትናፍቅሻለች በልልኝ። ትንሹን ደግሞ ሻምበል አባትህ ኪስ ውስጥ ይገባ ነበር ብለህ አጫውተው፤ አያምንህም። እማዬ ጉንጮችህን ስማልሃለች፤ ስምህን አልረሳችም። አጎታችንም አክስታችንም ሰላም ብለውሃል፤ ይህን እንደጻፍኩ አያውቁም። ነገ እናንተ ጋ ወዳለው ሥራዋ የምትመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ይህን በእጅህ ትሰጥሃለች፤ አልደረሰኝም እንዳትል።

እሁድ ስትደውል ስልኩን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው መሀል አስቀምጠዋለሁ። አጎታችን ገመዱን ይዞ ይቀመጣል፣ እማዬ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ሻምበል እግሯ ሥር ይተኛል። ቀድመህ ለብቻዬ እንዳትደውልልኝ፤ አላነሳም። በሩ ይከፈት ወይስ ተደፍኖ ይቅር? እማዬ እየሰማችህ፣ በሁሉም ፊት፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ!

ታናሽ እህትህ፣ መጋረጃ ሰፊዋ
ከእማዬ ሳሎን፣ በሩ ከነበረበት ግድግዳ ሥር
ረቡዕ ከሰዓት፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል