የኔና የፅጌ ግድግዳ

ሰኞ

«ይሄ ግድግዳ የማን ነው?» አለችኝ ኢንጂነሯ፤ ሜትሩ በእጇ፣ እርሳሱ ጥርሷ መሃል። የኔም የፅጌም ነው አልኳት። እንደሱ አይባልም አለች፤ ወይ የአንዳችሁ መሆን አለበት፣ ወይ ሁለት ግድግዳ መኖር አለበት። ሁለት ግድግዳ የለም። አባቴና የፅጌ ባል አባት ጎን ለጎን ቤት ሲሠሩ እንጨት ለመቆጠብ ብለው አንድ ግድግዳ አቆሙና ሁለቱን ጣሪያ ከግራና ከቀኝ አሳረፉበት። ጭቃውን አብረው አቦኩት፣ አብረው መረጉት። አንድ ቀን የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ልጅቷ ቤቲ ትባላለች፣ ከክፍለ ከተማው ነው የመጣችው። ጫማዋ ለኛ ለፈረንሳይ ሰፈር ዳገት የሚሆን አይደለም፣ አነጋገሯ ግን ደስ ይላል። እንደገባኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። በመደበኛው ደንብ የኛ ይዞታ ትንሽ ስለሆነ ምንም አይሠራበትም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ምትክ ቦታ ተሰጥቶን ወደ ከተማው ዳር መሄድ ነው። አሁን ግን ለሙከራ ደንቡን ላላ አድርገውታል። ሦስት ጎረቤት ቦታውን ካቀላቀለ እዚሁ በነበረበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት መሥራት ይችላል፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ ብድሩ በጋራ። «ፍሌክሲብል ነው እትዬ ብርቄ» አለችኝ። እስቲ እናያለን።

ሦስቱ ጎረቤቶች እኛ ነን፦ እኔ፣ ባለሱቁ አቶ ኑሪ፣ መሃላችን ፅጌ። አርብ ከምሳ በፊት ሦስታችንም ወረዳው አዳራሽ በአካል ቀርበን መፈረም አለብን። አንድ ሰው ከቀረ ዕድሉ ለሌላ ሰፈር ይሰጣል።

አቶ ኑሪ ወዲያው «እኔ አለሁ» አሉ። እኔም አለሁ። ፅጌ የለችም። ባሏ ታምሩ ከሞተ በኋላ ቤቷን ቆልፋ ልጇ ጋ ኮንዶሚኒየም ገባች፤ ይኸው አራት ዓመት። «ለጥቂት ቀን ነው» ብላኝ ነበር የሄደችው። ቁልፉ ዝጓል። ቅዳሜ ቅዳሜ የራሴን ደጅ ስጠርግ የሷንም እጠርጋለሁ። ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይመጣብኝ።

ማክሰኞ

ለፅጌ ደጋግሜ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ በመጨረሻ ልጇ ሂሩት አነሳች። «እማዬ ጋደም ብላለች፣ እነግራታለሁ» አለችኝ። በደወልኩ ቁጥር ጋደም እንዳለች ነው። ፅጌ እኮ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግሯ ወጥታ፣ አስቀድሳ ወርዳ፣ ወዲያው ልብስ ማጠብ የምትጀምር ሴት ነበረች! እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አብሬያት እወጣና ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። «ገብተሽ ብትሳለሚ ጣሪያው አይወድቅብሽም» ትለኝ ነበር። «አንቺም እኛ ጋ መጥተሽ ብትዘምሪ አይወድቅብሽም» እላታለሁ። የምንወርደው ተደጋግፈን ነበር። ተራራው አሁንም ቀና ባልኩ ቁጥር አለ፤ መውጣቱን ግን ትቻለሁ። ናፍቃኛለች። በቃ፣ ናፍቃኛለች።

ከሰዓት ቤቲ ንድፉን ይዛ መጣች። ታች፣ ወደ አስፋልቱ፣ የኔ ስፌት ቤት። ሰፊ! እስከ ዛሬ የተማሪ ዩኒፎርምና የመዘምራን ልብስ አልጋዬ ላይ ነው የምቆርጠው። እዚያ ሁለት የስፌት መኪና ይቆማል፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ ይገባል፣ መስታወት ይሰቀላል። ላይ ደግሞ እኔና ፅጌ ጎን ለጎን፣ መስኮታችን ወደ እንጦጦ። አየሁት አየሁትና አልጠግብ አልኩ።

«የሚጨመር አለ?» አለችኝ። መሃላችን ያለው ግድግዳ ስስ ይሁን አልኳት። ሳቀች። ስላልገባት አስረዳኋት። አንድ ጊዜ ከተንኳኳ «አለሽ?» ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «ነይ»። በመዳፍ ጠፍ ከተደረገ «እንግዳ አለብኝ፣ አሁን እንዳትመጪ»፤ ያ ብዙውን ጊዜ የታምሩ እህት የመጣች ቀን ነው። ሂሩትን ልትወልድ ምጥ የያዛት ቀን ፅጌ አንዱም ሁለቱም ጠፍቷት ግድግዳውን በቡጢ ደበደበችው፤ ጭቃው እኔ አልጋ ላይ ረገፈ። እስከ ዛሬ እዚያ ጋ ጎድጎድ ያለ ነው፣ እንዳይለሰን ከልክያለሁ።

ቤቲ መጻፏን አቁማ አየችኝ። ብሎኬቱ አይሳሳም፣ እሱን ደንቡም አያላላው አለች። ግን የጋራ ግድግዳ፣ ሁለታችሁም ከተስማማችሁ፣ በሙከራው ይፈቀዳል።

«ሲንኳኳ ይሰማል?»

«እትዬ ብርቄ፣ በብሎኬት እኮ ጎረቤት ሲያስነጥስም ይሰማል።»

ደስ አለኝ። ሂሩት ግን መልሳ አልደወለችም።

ረቡዕ

ሄድኩ። መገናኛ ላይ ለባቡሩ የተቆፈረው ጉድጓድ መንገዱን ዘግቶታል፤ ታክሲው እየተንፏቀቀ ነው ያለፈው። ከዚያ ሌላ ታክሲ። ከዚያ በእግር። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሦስት ሰው ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ፅጌ አራተኛ ፎቅ ናት። ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ ሰላምታ መስጠት እንኳ አቃተኝ።

ሰገነቱ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ቀጥናለች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። እስከ ዛሬ አለመምጣቴ አናደደኝ፣ አለመምጣቷም አናደደኝ፣ ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን። «ብርቄ፣ አረጀሽ» አለችኝ። አንቺስ ብትሆኚ አልኳት። ሳቅን።

ሰማዩ ሲጠራ ከዚህ እንጦጦ ይታየኛል አለች። ዛሬ አይታይም ነበር፣ አቧራ ነው። የገባች ሰሞን ድስት ጥዳ ጨው ሲያልቅባት ሳታስበው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳች። አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ሙዚቃው በዛ እንዴ እናቴ?» አላት። እየሳቀች ጀመረችው፣ ሳትጨርሰው ሳቋን ተወችው።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ያላልኩት የለም። ቤቲን፣ ሙከራውን፣ የጋራ ግድግዳውን፣ አርብን።

«ፎቅ ነው?» አለችኝ።

«እንዴታ! ፎቅ ነው! እኔና አንቺ ላይ ጎን ለጎን፣ ማርያምሽ ፊት ለፊትሽ።»

 ጉልበቷን እያሻሸች ወደ አቧራው ታያለች። መቼም ታምሩ ነው። ከዚያ ቤት አስከሬን ከወጣበት ቀን ወዲህ አላደረችበትም፤ እሱ ትዝ ብሏት ነው። እኔም እንደ ደላላ መስኮቱንና ፀሐዩን እያነሳሁ ጨመርኩባት። «እስቲ አስብበታለሁ» አለች። ፅጌ «አስብበታለሁ» ካለች እምቢ ማለቷ ነው። አውቃታለሁ።

ስወጣ ሂሩት እስከ ታች ሸኘችኝ። ፅጌ ግን ከበሩ አላለፈችም። ከታች ቀና ብዬ እጄን አውለበለብኩ። አውለበለበች።

ሐሙስ

ሥራ እምቢ አለኝ። የአንድ ልጅ ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ቆረጥኩ። ፈትቼ መሥራት አለብኝ፣ ጨርቁም ላይበቃ ይችላል።

አቶ ኑሪ ሱቃቸውን ለሚስታቸው ትተው መጡ። «ካልመጣች ድርሻዋን ለኔ ትሽጥልኝ፤ እኔ በሁለቱም ልፈርም፣ አንቺም እንዳትወድቂ» አሉኝ። በቅንነት ነው ያሉት። እኔ ግን ጮህኩባቸው። ቦታ የጠፋ መስሎዎት ነው፣ ሰው ነው የጠፋው አልኳቸው። እሳቸውም «የታምሩ በርጩማ እኮ አሁንም ሱቄ ውስጥ አለ፤ ማንንም አላስቀምጥበትም» አሉኝ። አፈርኩ። ሻይ አፍልቼላቸው ተቀምጠን ጠጣን።

እሳቸው ሲሄዱ አሰብኩት። ፅጌ ባትፈርም እኔም ምትክ ቦታ ይዤ ወደ ዳር እሄዳለሁ። ድርሻዋን ለአቶ ኑሪ ከሸጠች ደግሞ ሰፊ ስፌት ቤት ይኖረኛል፣ ከግድግዳው ወዲያ የአቶ ኑሪ የስኳር ጆንያ። የቱ ይሻላል? ሁለቱንም አልፈልግም። እሷን ነው የምፈልገው። ስጸልይ እንኳ ቤቱን ረስቼ ስሟን ብቻ ነው የጠራሁት።

ግድግዳውን አንድ ጊዜ አንኳኳሁ። እንዲያው ነው።

አርብ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው። ቤቲ ንድፉን ግድግዳ ላይ ለጥፋለች። አቶ ኑሪ ኮት ለብሰዋል፣ ኮት እንዳላቸውም አላውቅም ነበር። የኛ ተራ ደረሰ። ፅጌ የለችም። ቤቲ የሌሎቹን አስቀደመችልን። ደግሞ ተራችን ደረሰ። የሙከራው ኃላፊ ሰዓቱን አየ።

ፅጌ በበሩ ገባች። ሂሩትን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች። ኮንትራት ታክሲ ይዘው ነው የመጡት። ወደኔ ሳትመጣ ቀጥታ ንድፉ ፊት ቆመች፣ መነጽሯን አደረገች፣ አየችው።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

ቤቲ ላይኛውን ፎቅ አሳየቻት።

«እዚያ አልወጣም» አለች ፅጌ። «አራት ዓመት ሙሉ ደረጃ አስሮኝ ኖሬያለሁ። ጉልበቴ እሺ ካላለኝ ቆይቷል። ለሐኪም ብቻ ነው የምወርደው፣ ያንንም ልጄ እያቀፈችኝ። መሬት ካልረገጥኩ፣ ለናንተ ብዬ እፈርማለሁ እንጂ እዚያ አልገባም።»

ጉልበቷ! ረቡዕ ዕለት እያሻሸች የነበረው ጉልበቷን ነው። እኔ ደግሞ ፎቅ፣ ፎቅ፣ ፎቅ! ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «ያን ያህል ደስ ብሎሽ እያየሁ? ፊትሽ የልጅ ፊት መስሎ ነበር» አለችኝ።

ኃላፊው ታች ሱቅ ነው፣ ሙከራው የተፈቀደው በዚያ ነው አለ። ቤቲ ወደ ንድፉ ጠጋ አለች። «ሱቅ መሆን ያለበት ለመንገዱ ያለው ፊት ብቻ ነው» አለችው፤ «ጀርባው ላይ ደንቡ ዝም ነው ያለው።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። የፅጌ ቦታ ለመንገዱ ያለው ፊት ለኪራይ ሱቅ ካልሆነ ብድሩ አይከፈልም፤ ከጀርባው የሚቀረው ደግሞ አልጋ ብቻ ነው የሚያስገባው። ከኔ ስፌት ቤት ግማሹ ከተቆረጠ ግን የፅጌ ክፍል ከጀርባ ይወጣል። መስኮቱ ወደ ጓሮው። ሁለተኛው የስፌት መኪና አይገባም። ጠረጴዛውም።

«ቁረጪው» አልኳት። ጠረጴዛው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። አዎ፣ ቆጨኝ፤ ትንሽ ቆጨኝ። ፅጌ ስትፈርም አላስታወስኩትም።

ከፈረምን በኋላ ነው ሌላው የገባኝ። «እኔ ላይ፣ አንቺ ታች። ግድግዳ የለንም እኮ!» አልኳት።

«በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እነካዋለሁ። አንቺ በተረከዝሽ መልሺልኝ።»

ቅዳሜ

ትናንት ከወረዳው ቀጥታ ወደዚህ መጣች። ቁልፉን አቶ ኑሪ ዘይት እያጠጡ ከፈቱት። ብቻዬን ልግባ አለች፣ እኛ ውጭ ቆምን። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ «ደጁን ማን ነው የጠረገው?» አለች። አቶ ኑሪ ወደኔ አዩ፣ እኔ ወደ ዳገቱ አየሁ። እዚሁ አደረች።

ያለቀ ነገር የለም። ንድፉ እንደገና ይሳላል፣ ከበላይ መጽደቅ አለበት፤ ቤቲም ተስፋ አለው እንጂ አልቋል አላለችም። ሙከራ ነው፣ ሊቀርም ይችላል። ሂሩት ነገ ትመጣለች፤ ልብሷን ልታመጣላት ይሁን ልትወስዳት አልጠየቅኩም። መጠየቅ ፈርቼ ነው።

ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ አንድ ጊዜ ተንኳኳ። «አለሽ?» ማለት ነው። እጄ እስኪደርስ አፌ ቀደመኝ፤ «አለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ከወዲያ ስትስቅ ሰማኋት። ግድግዳው ምስኪን፣ ሲፈርስ ማየት አልችልም።

ቁርስ ላይ መስኮቷን ለክተሽ መጋረጃ ስፊልኝ አለችኝ። ሊፈርስ ለተፈረመበት ቤት! አልተከራከርኳትም። ለመዘምራን ልብስ ከተገዛው የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ነበረኝ፣ ቆረጥኩት። አንዱን ጎን ሰፍቼ ሌላው ይቀረኛል። ዛሬ ማታ ይደርስላት ይሆ…

ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ልሂድ።