የተሰረዘው ድል

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? አብረን የሠራነው የቼዝ ፕሮግራም በኮምፒውተሮቹ ውድድር የመጀመሪያውን ግጥሚያ ሰዓት አልቆበት ተሸነፈ። አንገቴን ደፍቼ ገመድ ስጠቀልል፣ ያሸነፉን ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት መጥተው ስክሪኔን አዩ። «ልጄ፣ ለእኔ ፕሮግራም የተሰጠው ሜሞሪ ያንተን አሥር እጥፍ ነው። ያንተ ያሰላውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ፣ ያንኑ መልሶ መላልሶ እያሰላ ነው ሰዓቱን የፈጀው» አሉኝ። ወዲያው ዳኛውን ጠርተው ድላቸውን አሰረዙ። እኛ ሰፈር ዳማ ላይ ቢሆን፣ እንኳን ሊነግሩን ሲስቁብን ይከርሙ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር። በእኩል ሜሞሪ ደግመን ገጠምንና አቻ ወጣን። የልፋትሽን ልክ ያየሁት በእሳቸው ደግነት ነው። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። መምህርቷም «አብራህ የሠራችውን ልጅ ሰላም በልልኝ» ብለውሻል።