ለቁመቴ ልክ የሆነው የገና ዱላ

ውድ አባቴ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ሾፌሩ ሀይሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ሰጥቶዎታል። ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ እንዳይፈቱት አደራ። እሌኒንም ከወዲሁ ይከልክሉልኝ፤ የእህቴ እጅ ማረፊያ እንደሌለው ያውቃሉ።

አሁን እንደምን ሰነበቱልኝ? የተሰበረው ዳሌዎ እየዳነ ነው ብላ እሌኒ ስትነግረን እማዬ እልል አለች። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ጥጆቹም ደህና ናቸው። ይህንንማ በስልክም ነግሬዎታለሁ። እኔና እርስዎ በስልክ ስናወራ ከከብቱ ጤና አልፈን አናውቅም። «ላሟስ?» ይላሉ፤ «ደህና ናት» እላለሁ። «ጤፉስ ተወቃ?» ይላሉ፤ «ተወቃ» እላለሁ። «በል እንግዲህ ካርድህን አትጨርስ» ብለው ይዘጉታል። የዛሬው ወሬዬ ግን በዚያ መንገድ የሚነገር ስላልሆነ፣ ዳዊት የሚደግሙበትን መነጽር አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

አባዬ፣ ዘንድሮ ገና ተጫወትኩ። ቀጥ ብዬ ቆሜ ተጫወትኩ።

ለሌላ ሰው ይህ ወሬ አይደለም። እርስዎ ግን ይገባዎታል። በቤታችን አንድ የገና ዱላ ነው የነበረው። አያቴ ቆርጠው ለእርስዎ ሰጡ፤ እርስዎም ለእኔ አወረሱኝ፤ ከዱላውም ጋር ከላይ ሰፈር ቡድን ኋላ ቆሞ እሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ የመመለሱን ቦታ። አያቴም እርስዎም ደልደል ያላችሁ፣ መሬት የማይርቃችሁ ሰዎች ናችሁ። እኔ ግን የእማዬን ወንድሞች፣ የሽንዲ አጎቶቼን ቁመት ይዤ ወጣሁና ዱላው ከጭኔ አልዘልቅ አለ። «የአባት ዱላ አይለወጥም» ሲባል ነው ያደግሁት። ስለዚህ ዱላው እንዲረዝም ማንም አላሰበም፤ እኔ አጠርኩ። ጎንበስ ብዬ ስሮጥ፣ ጎንበስ ብዬ ስመታ ስሜ ራሱ «ጎንበስ» ሆኖ ቀረ። ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ማንኩሳ ትምህርት ቤት ስገባ ወገቤ ስለማይታጠፍ፣ ጠመኔ ከእጄ ሲወድቅ የሚያነሱልኝ ተማሪዎቼ ነበሩ።

አምና የሆነውን አይተዋል። እሩሯ ወደ እኔ መጣች፤ ሰነዘርኩ፤ ሳትኳት፤ ዱላው መሬት ነክቶ ነጠረና የገዛ ወገኔን የቂርቆስን ቅልጥም አገኘው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና ጓደኛዬ አልተቆጣም፤ በአንድ እግሩ እየዘለለ «ኧረ አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ያንተ ነኝ! ያንተ!» እያለ ጮኸ እንጂ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ታች ሰፈሮችም ወዲያው ተቀበሉት፦

ረጅሙ ሰውዬ ዱላው አጠረና፣
መሬት እየጫረ አለፈበት ገና።

እኔ ግን የፈለግሁት የእርስዎን ፊት ነበር። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሾላው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሲነሡ አየሁ። ጨዋታው ሳያልቅ ጀርባዎን ሰጥተው፣ ብቻዎን ወደ ገደሉ በኩል ቁልቁል ወረዱ።

አፈሩብኝ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ይህን በሆዴ ይዤው ኖርኩ። አብረን ስናጭድ፣ አብረን ስናስቀድስ «አባቴ በእኔ ያፍራሉ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ልጠይቅዎ አልደፈርኩም፤ እርስዎም እንደሚያውቁት ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። በዚያ ላይ የቡድኑ አለቃ ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ወደ ዳር ወሰዱኝና፣ «ልጄ፣ የአባትህ የያለው ቦታ ነውና ዛሬ አንነጥቅህም። ለከርሞ ግን እንዲህ ከሆንክ ሰው እንተካለን፤ አትቀየመን» አሉኝ። በምን ልቀየም? እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ኅዳር መጣና እርስዎ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። በሬ ፍለጋ ወርጄ ነው አሉን። በሸክም ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም በመኪና ወደ ባሕር ዳር ስንወስድዎ የማስበው ስለ ገና አልነበረም፤ መትረፍዎን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ቡሬው ነገር ልግባ። ታኅሣሥ ሲገባ ለመምህራን ሥልጠና ቡሬ ሄጄ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ፣ ጾም ነውና ሽሮዬን አዝዤ ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ጎልፍ የሚሉትን ጨዋታ ያሳያል፤ ትንሽ ነጭ ኳስ በቀጭን ዱላ ሰፊ መስክ ላይ የሚመቱበት ነው፣ የገና የሩቅ ዘመድ ይመስላል። አንድ ከእኔም የሚረዝም ፈረንጅ እጁን አንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌላው ሰውዬ ሜትር ይዞ ከእጁ አንጓ እስከ መሬት ይለካዋል። ከዚያ አንድ ዱላ ይሰጠዋል፤ ይመታል፤ ሰውዬው ራሱን ይነቀንቅና ይቀበለዋል፤ ሌላ ረዘም ያለ ይሰጠዋል። አስተናጋጇ ያምሮት ሽሮውን እንደያዘች ቆማ ታያለች።

«ውይ! ለሱሪ የሚለኩት መስሎኝ!» አለች። «ለዱላም ሰው ይለካል እንዴ?»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ሽሮዬን ረሳሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ቁመት መስሎኝ ነበር። ለካ ዱላ ለሰው ይለካል እንጂ ሰው ለዱላ አይለካም!

ደስታዬ ግን ከቡሬ ማንኩሳ እስክደርስ እንኳ አልቆየም። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ፈራሁ። አባቴ አልጋ ላይ ናቸው፤ በእግራቸው ይቁሙ አይቁሙ ገና አልታወቀም። በዚህ ሰዓት ዱላውን ጥዬ ሌላ ብቆርጥ፣ በቁምዎ ተስፋ የቆረጥኩብዎ ያህል ሆኖ ተሰማኝ። እንደ ድሮው ጎንበስ ብዬ ብጫወት ደግሞ ቦታዎን በእኔ እጅ ማስነጠቄ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያሳዝንዎ ማወቅ አቃተኝ።

ቅዳሜ ዕለት ለቂርቆስ ነገርኩት። ቅልጥሙን እያሻሸ ሰማኝ፤ ጠባሳውን ሲያሳየኝ ደስ ይለዋል።

«ለእግሬስ ብትቆርጥ ነው የሚሻለው» አለ። «ግን አባትህ ቢሰሙስ?»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

«በል እንጂ ተነሥ። መጀመሪያ እንጨቱ ይገኝ፣ ፍርሃቱ ይደርሳል።»

ገጀራ ይዘን ከእርሻችን ጀርባ ወደ ገደሉ ወረድን። እርስዎ የወደቁበትን አለፍን። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ምንጩ አጠገብ ወይራዎቹ አሉ። ቂርቆስ ነው ቀድሞ ያየው። «አንዷለም፣ ይህችን ማን አሰራት?» አለኝ።

አንዲት ቀጭን ወይራ ናት። ጫፏ ጎብጦ ከራሷ ግንድ ጋር ታስሯል፤ እንደታሰረች ብዙ ዘመን ስላደገች ጉብጠቱ ደንድኖ ልክ የገና ዱላ ራስ መስሏል። ማሰሪያው ልጡ ውስጥ ሰምጦ ነበርና በጥፍሬ ፈልፍዬ አወጣሁት። ቀይ የናይለን ማንገቻ ነው።

አባዬ፣ ያን ማንገቻ አውቀዋለሁ። የሬዲዮዎ ማንገቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ቁመቴ በአንድ ክረምት የተስፈነጠረ ጊዜ ጠፋ ተብሎ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮዎን በገመድ ያነገቱበት! እማዬ እኮ አይጥ በላው ብላ ስንት ዘመን አይጥ ስትረግም ኖረች።

ግንዱ ላይ ደግሞ የገጀራ ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ከአንዱ በታች። የላይኛው ድኖ ሊጠፋ ደርሷል፣ መካከለኛው ጠቁሯል። የታችኛው ግን ገና ነጭ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመትቶ የቀረ። በዚያው ላይ ቆርጠን ጉብጠቱን ወደ መሬት ገልብጠን አቆምነው። ቂርቆስ ቀጥ በል አለኝ፤ ቆምኩ። እጄን አንጠልጠል ሳደርግ የዱላው ጫፍ ከእጄ አንጓ ጋር ገጠመ። ሳላጎነብስ፣ ሳልንጠራራ።

ያኔ ነው በየታኅሣሡ የሚሉኝ ትዝ ያለኝ። «ና እስቲ ቀጥ በል፤ ለጎተራው ምሰሶ ልለካ ነው» እያሉ በዘንግዎ ሲለኩኝ እቆምልዎ ነበር። የጎተራው ምሰሶ እኮ እስከ ዛሬ ተቀይሮ አያውቅም! እኔ ባደግሁ ቁጥር ምልክቱን ዝቅ ያደርጉት ነበር ለካ። አምናም ከሜዳው ተነሥተው የወረዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ይህ መንገድ ከወይራዎቹ ሌላ የትም አያደርስም።

ምድር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አልደብቅዎም። ቂርቆስም ከአጠገቤ ተቀመጠ። በኋላ «አባትህ ቀድመው ሰምተው ኖሯል» አለኝ።

ቤት ስንደርስ ማንገቻውን ለእማዬ አሳየኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አይ የኔ ነገር! ያን ሁሉ ዘመን አይጧን በከንቱ!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ልጄ፣ አባትህ የወደቁ ዕለት በሬ ፍለጋ ነው አሉ። በሬዎቹ እኮ በረት ነበሩ። ሰዎቹ ተሸክመዋቸው ሲመጡ ደግሞ ገጀራቸውን አብረው አመጡ። ገጀራ ይዞ በሬ የሚፈልግ ማነው ብዬ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ማን ይጠይቃል?»

እኔም አሁን አልጠይቅዎም። የታችኛው ምልክት ለምን ነጭ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ፤ ጀርባዎን ሰጥተው የወረዱበትን ያን መንገድ ሳስበው ከእንግዲህ ሆዴን አያመኝም። ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ ነገር በአንድ ከሰዓት ጥሎኝ ሄደ።

ዱላውን እማዬ ቅቤ ቀብታ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። በዚያ ጾም ከቤታችን ቅቤ የቀመሰ እሱ ብቻ ነው።

የገና ዕለት ሜዳ ስገባ ታች ሰፈሮች ያችኑ ግጥም ጀመሩ። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ዱላዬን አዩና አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ተመለከቱ። በእጃቸውም ወደ እርስዎ ቦታ አመለከቱኝ። ቆምኩ። አባዬ፣ ሜዳው እንዴት ሰፊ ነው! እስከ ዛሬ የማየው የገዛ እግሬን ነበር። አሁን እሩሯ ከማን ወደ ማን እንደምትሄድ፣ ማን ወዴት እንደሚሮጥ ሁሉ ይታየኛል። የመጀመሪያዋ መጣች። ሰነዘርኩ። ድምጿን ቢሰሙልኝ! እስከ ሾላው ድረስ ሄደች። ቂርቆስ በልማዱ ቅልጥሙን ይዞ ሸሽቶ ነበርና ከዳር ሆኖ «ተመስገን! እግሬ ዳነ!» እያለ ጮኸ።

ማን አሸነፈ ቢሉኝ፣ ታች ሰፈር። በእኔ በኩል ግን አንዲት እሩር አላለፈችም። ሲያልቅ ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ትከሻዬን ለመምታት ተንጠራርተው፣ «ያለው በርጩማ ላይ የወጣ መሰለኝ እኮ!» አሉኝ። ቦታው የእኛው ነው፤ ማንም አይተካበትም።

አሁን ጥቅሉን ይፍቱት።

አዎን፣ የአያቴ ዱላ ነው። እኔ ስላልፈለግሁት የመለስኩብዎ እንዳይመስልዎ። ሐኪሙ ያዘዘልዎን የብረት ዱላ አልይዝም ብለው ከአልጋ መውረድ እንቢ እንዳሉ እሌኒ ነግራናለች፤ ስትነግረን ታለቅስ ነበር። ይህኛውን እንቢ እንደማይሉት አውቃለሁ። ጉብጠቱን ወደ ላይ አድርገው በቀኝ እጅዎ ይያዙት። አያቴ የቆረጡት በእርስዎው ቁመት ላሉ ሰው ነውና ልክዎ ነው፤ መንሸራተት እንዳይኖር ጫፉን በጎማ አልብሼዋለሁ። ዛሬ እስከ በሩ ይሞክሩት፣ ነገ እስከ ግቢው። እሌኒ በሁለት እጇ ትደግፍዎት፤ አይቆጧት።

ሐኪሙ ሲፈቅድልዎ ሀይሉ ራሱ ያመጣዎታል። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ። ሰዉ ቢበዛም አይቸገሩም፤ ከመኪናው መስኮት ቀና ሲሉ ከሁሉም በላይ እታይዎታለሁ። ከእንግዲህ አላጎነብስም።

ረጅሙ ልጅዎ፣
አንዷለም ያለው