ከአሥረኛው ገጽ በኋላ ለተወለዱ ልጆች

ስሙን ለማልጠራው የልደት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፣
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን እያልኩ፣ ከበርዎ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ በማንሳትና ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደረው እኅተማርያም ኃይለልዑል ምስጋናዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

፩ኛ. መዝገባችንን ኮምፒውተር ውስጥ ስላስገቡልን። የጎሮው ገበሬ ጋሽ ወዚር ልጃቸው ረቢያ ጎባ ሄዳ ነርስነት እንድትማር የልደት ማስረጃ ሊያወጡ መጡ። ጸሐፊዎ አቶ ገብረወልድ «ረቢያ» ብሎ ፈለገ። ፍለጋው በየገጹ አሥር ስም እያሳየ፣ ረቢያዎችን ሁሉ በአባታቸው ስም ፊደል ተራ ደረደራቸው፤ አሥረኛው ገጽ ላይ አብዱልቃድር ጋ ሲደርስ ቆመ። «ወ» ገና ሩቅ ነበር።

«አባባ፣ ልጅዎ አልተመዘገበችም» አላቸው።

«እቺ አጠገቤ የቆመችውስ?» አሉ ጋሽ ወዚር። ረቢያ አንገቷን ደፋች።

፪ኛ. የወረቀቱን መዝገብ ስለቆለፉበት። ገብረወልድ ቁልፉን ሲለምንዎ «ወደ ኋላ አንመለስም» ማለትዎን እኔም ከበሩ ሆኜ ሰምቻለሁ። አባትና ልጅ ከጎሮ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ወዚር ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው እንዳታያቸው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

፫ኛ. ስለ ትዕግሥትዎ። ፍለጋውን የሠራውን ሳላሀዲንን በስልክ ጠየቅሁት። «ከአሥር ገጽ እንዳያልፍ ያዘዙኝ ኃላፊው ናቸው፤ ማሽኑ እንዳይጨናነቅ ብለው። ገደቡን ማንሳት የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ደብዳቤ ብቻ ይጻፉልኝ» አለኝ። ደብዳቤውን እኔው ጽፌ አመጣሁልዎ፤ የእርስዎ ድርሻ መፈረም ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ኮሚቴ አቋቋሙ።

ኮሚቴው በተቋቋመ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ፈረሙ። ረቢያ ወዚር አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ ሦስተኛ ሆና ተገኘች። የትምህርት ምዝገባው ግን ከተዘጋ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ዛሬ ጊኒር አክስቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካች የሚመጣውን ዓመት ትጠብቃለች። ማስረጃውን ኮፒ ያደረግሁላት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን ስሰጣት «ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። መልሱን ክቡርነትዎ ካለዎት ይላኩላት።

ሥራዎን እጅግ ተጸይፌ፣ በአክብሮት እጅ የምነሳ
እኅተማርያም ኃይለልዑል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግቢዎ ውስጥ «ሰልፍ ያስቀረ ተቋም» የሚል የምስክር ወረቀት ሰቅለው አየሁ። እንኳን ደስ አለዎት፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው አይሰለፍም።