የወይዘሮ ጫልቱ መናጫ ቅል

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ውሃ ዛሬም የለም። ከማታ በተረፈው ተላጨሁ። የብሎኩ ኮሚቴ ደረጃው ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግስ የለውም። የኮሚቴው ጸሐፊ አየኝ። «ጡረታ ወጥተው የለም እንዴ?» አለ። እኔ ወጥቻለሁ። ቀይ እስክሪብቶው አልወጣም።

ናትናኤል መጣ፤ ዐሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማርኩት። አሁን ሠዓሊ ነው። አብራው ከመጣችው ጓደኛው ከሊዲያ ጋር ወሎ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ። በጥር ኤግዚቢሽን አላቸው፤ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራባት ምን እንደነበረች። መሬቱን ያሳዩን አሉኝ። ብሎኮቹ ሳይተከሉ እዚሁ አቅራቢያ ት/ቤት አስተምር ስለነበር አውቀዋለሁ። ማሳው የት እንደነበር፣ የዛሬው ቦይ ወንዝ ሳለ በየት በኩል ይታጠፍ እንደነበር አሳየኋቸው። ናት. ቆሞ አየ፣ ረጅም ጊዜ። እርሳስ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያልረገጣችሁትን መሬት ካርታ አትሥሩ እያልኩ የጮህኩት ለአንድ ሰው ደርሷል። ደስ ብሎኛል፣ ማስታወሻዬ። ለአንተ ብቻ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ግራውንድ ላይ ያሉት ጎረቤቴ ወ/ሮ ጫልቱ ጋ ወሰድኳቸው። ገበሬ ነበሩ። ማሳቸው ላይ የቆመው ብሎክ ከመስኮታቸው ይታያል። መጋረጃውን አይከፍቱም።

ከበሩ ጀርባ፣ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ቅቤ መናጫ ቅል ተሰቅሏል። ከእናታቸው የተቀበሉት፤ አፉ አጠገብ ስንጥቅ አለው፣ በጅማት ተሰፍቷል። ላሞቹ ከተሸጡ ወዲህ አልተናጠበትም፤ እሳቸው ግን በወይራ ጭስ ያጥኑታል፣ ሽታው እንዳይጠፋ። ጥር 17 ልጃቸው ለሊሴ ትዳራለች፤ ቅሉን ይዛ ትሄዳለች፣ እናት ለሴት ልጇ እየሰጠች የመጣ ነው። የሙሽራው ቤተሰብ ሰንዳፋ ላሞች አሏቸው። እንደገና ሊናጥበት ነው።

ሊዲያ ለኤግዚቢሽኑ እንዲያውሷቸው ለመነች። ወ/ሮ ጫልቱ አልወደዱም። ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ ይመልሳል አልኩ። «እንግዲህ የምሰጠው ለእርስዎ ነው። እነሱን አላውቅም» አሉ።

ደረጃው ላይ ናት.ን አስጠነቀቅኩት፤ ፀሐይ አይንካው፣ ከጥምቀት በፊት ይመለስ። አስደገምኩት። «ኖ ፕሮብሌም ቲቸር፤ እኛ አለን አይደል» አለ።

ሰኞ፣ ጥር 4

ታክሲ ቀያይሬ ወሎ ሰፈር ሄድኩ፤ ኤግዚቢሽኑን እዚያው ክፍላቸው ከፍተውታል። ሥዕሎቹ ጥሩ ናቸው። መጥፎ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። አንዱ ላይ ወንዙ ራሱ አለ፣ መታጠፊያው ልክ በቦታው፤ ውሃው ውስጥ የብሎኮቹ መስኮቶች ያበራሉ።

ቅሉ መሐል ላይ ነው፣ ነጭ ሣጥን ላይ። ያብለጨልጫል። ቀረብኩ። የቀለም ሱቅ ይሸታል።

ሊዲያ እየኮራች አስረዳችኝ። «ጥላሸት በጥላሸት ነበር እኮ ቲቸር። በፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፈን አጠብነው። ከዚያ እንዳይሰነጠቅ ቫርኒሽ ቀባነው፣ ከውስጥም ጭምር።» ማን እጠቡ አላችሁ አልኩ። «ሄሪቴጅ ነዋ። ፕሪዘርቭ መደረግ አለበት።»

ስድብ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ልጅቷ አክብራ ነው ያደረገችው፤ የሚያንገበግበኝም ያ ነው። ጥላሸት ያለችው የሁለት ሴቶች የዕድሜ ልክ ጭስ ነው። ናት. የራሱን ጣቶች ያያል። ከሾላ ገበያ አዲስ እንገዛላቸዋለን አለ።

ግድግዳው ላይ የምስጋና ጽሑፍ አለ። ስሜ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ቀለም ሱቅ ጠየቅኩ። የቫርኒሽ ማስለቀቂያ አለ፤ ግን ቅል መድኃኒቱን ይመጥጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ምግብ አይያዝበትም። አለቀ።

ወ/ሮ ጫልቱን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ከላምበረት ወይራ አስመጥተዋል፤ ቅሉ ሲመለስ አጥነው ለለሊሴ ሊሰጧት። ቅሌ እንዴት ነው አሉ። ደህና ነው አልኩ። እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ናት. መጣ። ከፌስታል ቅል አወጣ። የእሳቸው ቅል። ያ ጥቁረት፣ አፉ አጠገብ ያለው ስንጥቅ፣ የተሰፋበት ጅማት። አሸተትኩት፤ ወይራ።

«አዲሱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። የእሳቸው ቅል ሳይታጠብ በፊት ከሣለው ንድፍ እያየ ነው የሠራው። አጥኖታልም። «ማንም አይለይም ቲቸር። እሳቸው ይደሰታሉ፣ ሙሽራዋም ትደሰታለች። ማን ይጎዳል?»

እስከ ዛሬ ከሠራው ሁሉ ይኸኛው ይበልጣል። ማድነቄን ጠላሁት። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። ለምን እንደዚያ አልኩ? እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቅሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ረቡዕ የተናገርኩት ውሸት ቅርጽ ይዞ ተቀምጧል።

እሑድ፣ ጥር 10፤ ከተራ፣ ከሰዓት በኋላ

ናት. የታጠበውን ቅል ይዞ እንዲመጣ ደወልኩለት። ሁለቱንም ይዘን ወረድን። ራሱ ተናገረ። ወ/ሮ ጫልቱ ቫርኒሽ የተቀባውን አሸተቱ፤ መሬት አስቀመጡት። አዲሱን አነሡ፣ አገላበጡ፣ ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህቺን ስንጥቅ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ሆኜ፣ ከወንዙ ስመለስ ወድቄ። አንተ ከየት አመጣሃት?» አሉት።

ለሊሴ ከውስጥ ሆና ትሰማለች፤ አልወጣችም። ወ/ሮ ጫልቱ ሁለቱንም መለሱልን። አልጮሁም። ለሠርጉ ጠርተውኝ ነበር፤ ዛሬ ጥሪውን አላነሡም።

ወስኛለሁ። ስሜ ከግድግዳው አይነሣም፤ ያ መሸሽ ነው። የታጠበው ቅል ወደ ኤግዚቢሽኑ ይመለሳል፤ ከሥሩ ግን ጽሑፍ ይለጠፋል። ናት. ኤግዚቢሽኑን ይገድለዋል አለ። ይግደለው አልኩ። እሱ ካልለጠፈ ማክሰኞ ሄጄ እኔ እለጥፋለሁ። ረቂቁ፦

ይህ ቅቤ መናጫ ቅል ነው። ለአንዲት ሙሽራ ሊሰጥ ነበር። ሳንጠይቅ አጥበን ቫርኒሽ ስለቀባነው ከእንግዲህ ወተት አይያዝበትም። በአንድ ጡረተኛ መምህር አማካይነት የተገኘ

«አማካይነት» አይደለም። ሰርዤዋለሁ። እንደገና፦

የሙሽራዋ እናት ሳይወዱ የሰጡን እኔን አምነው ነው። ቅሉ ከተበላሸ በኋላ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ደህና ነው ብዬ ዋሸኋቸው።