የማን አውራ ጣት ነበር? ለተባለው ጥያቄ ከአንዲት እናት የተሰጠ መልስ

ለብፁዕ አባታችን፣ ለሀገረ ስብከቱ ጳጳስ
ባሉበት

ብፁዕ አባታችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን እያመመዎ ደረጃ መውጣት እንደ ከበደዎ በቤተ ክርስቲያን ሲነገር ሰምቼ አዝኛለሁና፣ ፈጣሪ ጉልበትዎን እንዲያጸናልዎ፣ መታመም ግድ ከሆነም ካህን በቅርብ በሚገኝበት ቀን እንዲታመሙ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ከገበያው ጀርባ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለ ቆመ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስልክ ትጠግን የነበረችው ልጄ በሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ከሞተች ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ጽሕፈት ቤትዎም ሐዘኔን ሳይረሳ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ልኮልኛል። የማጽናኛ ቃል መስሎኝ እጄን ታጥቤ ነበር የከፈትኩት፤ ለካ መጠይቅ ኖሯል። በሽተኞቹን የምታገለግለው መነኩሲት፣ እኛ ሲስተር የምንላት፣ ክህነት ሳይኖራት ልጄን ቅዱስ ዘይት ቀብታለች ስለ ተባለ የምስክርነት ቃሌን ይጠይቃል። ነገሩ እስኪጣራም ሲስተርዋ ከክፍሉ ተነሥታ ምድር ቤት አንሶላ እንድታጥፍ መደረጉን ያስታውቃል። መልሴን በአደባባይ የምጽፈው፣ ሌሎች እናቶች መጠይቁ ሲደርሳቸው እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

፩ኛ፦ «ካህን ተጠርቶ ነበርን?»

ተጠርቶ ነበር። ሲስተርዋ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ደወለች። አባ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለሦስት ሆስፒታል አንድ ራሳቸውን ናቸው፤ ያን ዕለትም ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሌላ ነፍስ ሲሸኙ ነበር። ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈች፤ እሳቸው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። ባለመጠበቋ ስለ እሷ ሆኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከሕፃንነቷም ችኩል ነበረች።

፪ኛ፦ «መነኩሲቷ ከዘይቱ ጋር ምን ግንኙነት ነበራት?»

ብዙ። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የምትይዘው፣ ጠርሙሱን የምትወለውለው፣ ጥጡን የምትቀይረው፣ አባ ሲመጡም ክዳኑን ከፍታ የምታቀብላቸው እሷ ናት። ዘይቱ መዳፏን መንካት ይችላል፤ ከመዳፏ እስከ በሽተኛዋ ግንባር ያለው አንድ ስንዝር መንገድ ግን ለሴት ዝግ ነው። ይህን ስንዝር እንዲህ አሳምራችሁ ስለ ለካችሁልን እናመሰግናለን፤ እኔ ሜትር አንገቴ ላይ አድርጌ ስለምውል የጥሩ ልኬትን ዋጋ አውቃለሁ። ልጄ በሁለት ወር ሕመሟ ለሲስተርዋ ያልነገረቻት ነገር አልነበረም። ኃጢአቷን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ «እኔ እኮ መስማት እንጂ መፍታት አልችልም፣ ልጄ» ብትላት፣ ያቺ ጉደኛ ልጄ፣ «አይ ሲስተር፣ አንቺ ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ መደወል የተከለከለ ስልክ ነሽ» አለቻት። ሲስተርዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። መጠይቁ ስለ ሳቅ ባይጠይቅም ይመዝገብልኝ።

፫ኛ፦ «መነኩሲቷ ሴት ክህነት ይገባታል ብላ ስታስተምር ሰምተዋልን?»

አልሰማሁም፤ ጊዜም አልነበራትም፤ ሃያ ሁለት አልጋ ነበረባት። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። አንድ እሑድ በአጥቢያችን የካቶሊክ ቁምስና ትምህርት ላይ፣ ሴት ለምን አትቀድስም፣ በሽተኛስ ለምን አትቀባም ብዬ ጠይቄ፣ ጌታ የመረጣቸው ዐሥራ ሁለቱም ወንዶች ስለ ነበሩ ነው ተብዬ፣ አመስግኜ ተቀመጥኩ። ከዐሥራ ሁለቱ አብዛኞቹ ሲሸሹ መስቀሉ ሥር እነማን እንደ ቀሩ ግን ያን ዕለት አልተማርንም፤ ሰዓቱ አልቆ ነበር።

፬ኛ፦ «መነኩሲቷ በየትኛው ጣት፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ቃል ተናግራ ቀባች?»

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ሁለት ቀን ቆመ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጄ ሲስተርዋን «ቅቢኝ» አለቻት። ሲስተርዋ አባ እንደ ደረሱ ለማቀበል ጠርሙሱን ይዛ ቆማ ነበር። «አልተፈቀደልኝም፣ የኔ ዓለም» አለቻት። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብፁዕ አባታችን፣ እርስዎ ልጅዎ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አላዩም፤ ይህም ከክህነት ጸጋዎች አንዱ ነው።

ጠርሙሱን ከሲስተርዋ እጅ ነጥቄ የቀባኋት እኔ ነኝ። በቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ መርፌ ባደነደነው በኩል፤ ግንባሯን አንድ ጊዜ፣ መዳፎቿንም አንድ አንድ ጊዜ። የተወሰነውን ቃል ስለማላውቅ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አለሁ» አልኩ። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

አባ ደርሰው ግንባሯ ሲያብረቀርቅ አይተው «ማነው የቀባት?» ሲሉ ምላሴ ታስሮ ነበር። ሲስተርዋ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየች። ጠርሙሱ ተመልሶ እሷ እጅ ስለ ነበር ዝምታዋ ጥፋት ሆኖ ተጻፈባት። እኔን ለማዳን ዝም ማለቷን የሚጠይቅ ቁጥር መጠይቁ ላይ አላገኘሁም።

፭ኛ፦ «ተጨማሪ የሚሉት ካለ።»

አለኝ። ሲስተርዋ ወደ አልጋዎቹ ትመለስ። የሠራሁት ምሥጢር አይባልም ካሉኝ አልከራከርም፤ ልጄን ቀባሁ አልኩ እንጂ ቄስ ሆንኩ አላልኩም። ቅጣቱን በስሜ ይላኩልኝ። ከክህነት ለመሻር መጀመሪያ ክህነቱን መስጠት ስለሚኖርብዎ፣ ሊቃውንትዎ ሌላ ቅጣት እንዲፈልጉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ቀለበትዎን በሩቁ የምትሳለም፣ ለጊዜዎ የምትሳሳ፣ የጥፋቱ እውነተኛ ባለቤት፣
የሟቿ እናት

ማስታወሻ፦ ሲስተርዋ ከተነሣች ወዲህ በዚያ ክፍል ልጅ ያስተኙ እናቶች ሱቄ ድረስ እየመጡ «እንዴት አድርገሽ ነው የቀባሻት?» ይሉኛል። የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ስለማልችል እስከ ዛሬ ለሦስቱ አሳይቻለሁ፤ አንደኛዋማ እጇ ከእኔ ይልቅ የረጋ ነው። ቅዳሜ ሌሎች አራት ይመጣሉ። ውሳኔዎ ከዚያ በፊት ቢደርሰኝ ለሁላችንም ይቀላል።